ላቦራቶሪውን ክፈቱልን፦ ለኮሌጃችን ዲን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዘንድሮ የኢኮኖሚክስ ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ላይ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ጤና ይስጥልን ክቡር ዲን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምንጽፈው በቢሮ በኩል ያስገባነው መልስ ስላጣ ነው። ያኛው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚነግረን አላገኘንም። ጸሐፊዋ «ፊርማ ላይ ነው» ይሉናል። የዲፓርትመንት ኃላፊው «ውሳኔው ከኮሌጅ ነው የመጣው» ይላሉ። ኮሌጅ ስንመጣ ደግሞ «ዲፓርትመንታችሁን ጠይቁ» እንባላለን። እንግዲያው ሰው ሁሉ እያየው ብንጽፈው ይሻላል አልን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንናገር። በሁለተኛው ሴሚስተር መግቢያ ላይ በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሦስት ነገር ይላል። የተግባር ልምምድ፣ እኛ ኢንተርንሺፕ የምንለው፣ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ቀርቷል። ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናት፣ በግል መሥራት ቀርቶ አምስት አምስት ሆነን በቡድን እንሠራለን። የኮምፒውተር ላቦራቶሪው ደግሞ እስከ መውጫ ፈተናው ድረስ ለፈተና ዝግጅት ብቻ ይውላል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ የመውጫ ፈተና የማለፍ ምጣኔን ለማሳደግ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። እኛን ያነጋገረን ግን ማንም የለም።

ስለ መውጫ ፈተናው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፈተናው ይቅር አላልንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ እየተሰጠ ነው፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት አሥር ተማሪዎች አራቱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኛም ደንግጠናል። ግን ድንጋጤው የት እንዳደረሰን ይዩት። ጠዋት ቲቶሪያል ነው፣ ከሰዓት ቲቶሪያል ነው፤ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሞዴል ፈተና ይበተናል፣ መልሱ ኤ ነው ቢ ነው ስንባባል እናመሻለን። ማይክሮ አንድ ድረስ ተመልሰን ኢንዲፈረንስ ከርቭ፣ የሸማችን ምርጫ የሚያሳየውን መስመር፣ እየሳልን ነው። ማንም ቀጣሪ እስከ ዛሬ ተመራቂን ኢንዲፈረንስ ከርቭ ሳልልኝ ብሎ አያውቅም። ፈተናውን ያስጀመሩት ሚኒስትር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ራሳቸው የኢኮኖሚክስ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ያኔ የተባለው ተመራቂው ለሥራ ብቁ ሆኖ ይውጣ ነው። ለፈተናው ሲባል ለሥራ የሚያበቃው ነገር ይቅር ያለ የለም። ያንን ያለው የእኛ ኮሌጅ ነው።

ወደ ላቦራቶሪው እንግባ፤ አብዝቶ የሚያንገበግበን እሱ ነው።

ኢኮኖሜትሪክስ ሁለትን፣ ማለትም ኢኮኖሚን በዳታ የመለካት ትምህርቱን፣ የተማርነው በነጭ ሰሌዳ ነው። ስታታ የሚባለው ሶፍትዌር አንድ ሪግሬሽን፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚለካ ስሌት፣ ሲሠራ የሚያወጣው ሠንጠረዥ አለ፤ መምህራችን ያንን ሠንጠረዥ ከነመስመሩ በማርከር ይስሉልናል። በግራ የተለዋዋጮቹ ስም፣ ቀጥሎ ኮኤፊሸንት፣ ቀጥሎ ስታንዳርድ ኤረር፣ ቲ፣ ፒ ቫልዩ፣ በመጨረሻ የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ሁለት ዓምድ። ከላይ በቀኝ በኩል የናሙናው ብዛትና አር ስኩዌርድ። አንድ ቀን ከማስታወሻቸው ሲገለብጡ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ሳተች፤ ኮኤፊሸንቱን በስታንዳርድ ኤረሩ ስናካፍለው ቲው አልመጣ አለ። ክፍሉ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተር ይመታ ጀመር። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት መሆን አለበት» አለች፣ ትክክል ነበረች፣ ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ክፍለ ጊዜ ነበር። ግን እኛ በዚያ ሁሉ ሰዓት ያጣራነው ማሽኑ በሰከንድ የሚሠራውን ነው። መሥራት የነበረብን ሌላ ነገር ነው። ዳታው ውስጥ የጎደለውን ማየት፣ ዕድሜው 999 ተብሎ የተሞላውን ሰውዬ ፈልጎ ማውጣት፣ ሁለት ፋይል ማዋሃድ፣ ሞዴሉ እምቢ ሲል ለምን እንዳለ ማወቅ። ይሄ በማርከር አይማሩትም።

ኮምፒውተሮቹ ደግሞ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ቁልፍ ውስጥ ናቸው። በበሩ ላይ «ለመውጫ ፈተና ዝግጅት ብቻ» የሚል ወረቀት አለ። ከሰዓት በኋላ በመስኮት ብናይ ብዙውን ጊዜ ማንም የለም፤ ምክንያቱም የፈተና ዝግጅቱም የሚካሄደው በሞጁል ወረቀት እንጂ በኮምፒውተር አይደለም። ቁልፉ ያለው አንድ የላብ ቴክኒሻን ዘንድ ነው። ቴክኒሻኑ ክፉ ሰው አይደለም፣ «ከዲን ደብዳቤ አምጡና እከፍታለሁ» ይለናል። ደብዳቤው ደግሞ ከላይ እንዳልነው ፊርማ ላይ ነው።

ስታታ ፈቃዱ ውድ ነው ተብለናል። እሺ፣ ውድ ነው። አር የሚባለው ሶፍትዌር ግን በነፃ ነው። ግሬትልም በነፃ ነው፣ ለኢኮኖሜትሪክስ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ባረጀ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ፓይተንም በነፃ ነው። አንድ ፍላሽ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ጠፋ የሚለው ሰበብ እንኳን አይሠራም። ከመካከላችን ላፕቶፕ ያላቸው ጥቂት ልጆች ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተደርድረው እየተማሩ ነው፤ ላፕቶፕ የሌለው ከትከሻ በላይ ያያል። መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሲኒየር ኤሴዩ ነው። አምስት ሰው አንድ ጥናት ሲሠራ ምን እንደሚሆን እርስዎም ተማሪ ስለነበሩ ያውቁታል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያትማል፣ አንዱ ለሻይ ይከፍላል፣ የቀሩት ሁለቱ ስማቸው ሽፋኑ ላይ መኖሩን ያረጋግጣሉ። በቡድን መሥራት ጥሩ ነው የሚል መልስ እንዳይሰጠን፤ በቡድን የሠራናቸው አሳይመንቶች ከፍሬሽ ጀምሮ ቁጥር ስፍር የላቸውም። በአራት ዓመት ውስጥ ተማሪው ብቻውን ጥያቄ አንስቶ፣ ዳታ ፈልጎ፣ ጽፎ፣ ፊት ለፊት ቆሞ የሚከራከርበት ይህ አንዱ ብቻ ነበር።

እርግጥ የቀድሞውም ችግር ነበረበት። ላይብረሪ ያሉትን የቀድሞ ተመራቂዎች ጥናቶች ያገላበጠ ሰው ርዕሱን በቃሉ ይወጣዋል። የቤተሰብ ቁጠባን የሚወስኑ ምክንያቶች፣ እኛ ባለንበት ከተማ። የሥራ አጥነት መንስኤዎች፣ እኛ ባለንበት ከተማ። የብድር ተጠቃሚነትን የሚወስኑ ምክንያቶች፣ አሁንም እዚሁ። ሞዴሉ ሎጂት የሚባለው ስሌት ነው፤ ውጤቱም ዕድሜ፣ ፆታ፣ የትምህርት ደረጃና ገቢ ወሳኝ ሆነው ተገኙ ነው። የከተማው ነዋሪ በየዓመቱ ስለ ቁጠባው እየተጠየቀ ሰልችቶታል፤ መጠይቁን ይዘን ስንሄድ «ደግሞ መጣችሁ?» ይሉናል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ውስጥ ያለቀለት ጥናት በፍላሽ እንደሚሸጥ የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለንም። ስም፣ ዓመትና የቀበሌው ስም ብቻ ይቀየራል።

መፍትሔው ግን አምስት ሰው አንድ ላይ እንዲገዛ ማድረግ አይደለም። ዳታ አለ። የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚያካሂደው የቤተሰብ ማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት አለ። ምን እንደሚያመርቱ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ተበድሮ ለምን እንዳዋለው፣ ሁሉም አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች እየተመለሱ እነዚያኑ ቤተሰቦች የጠየቁ ስለሆኑ፣ አንድ ቤት በዓመታት ውስጥ ምን እንደገጠመው መከተል ይቻላል። ተመዝግቦ ማውረድ ነው፣ ክፍያ የለውም። ይህ ዳታ መኖሩን አብዛኞቻችን የሰማነው ከመምህር ሳይሆን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ ጓደኞቻችን ነው። ይህንን ፋይል ከፍቶ አንድ ሠንጠረዥ በራሱ ያወጣ ልጅ ቀጣሪ ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር አለው። ቀጣሪው ደግሞ የሚጠይቀው በትክክል እሱን ነው፣ አሁን እንደርስበታለን።

ስለ ኢንተርንሺፑ። ለኮሌጁ የሚያስወጣው ወጪ ይሄን ያህል አልነበረም፤ ተማሪው በራሱ ትራንስፖርት እየሄደ፣ ኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ፋይል ያስደረድርና ሻይ ያስልክ ነበር፣ አንክድም። ግን ባለፈው ዓመት ተመራቂ የነበረ አንድ ልጅ ዞን ገንዘብ መምሪያ ተመድቦ አይቤክስ በሚባለው የመንግሥት በጀትና ሂሳብ ሲስተም ላይ የወረዳ በጀት እንዴት እንደሚገባ ቁጭ ብሎ አይቷል። ፐብሊክ ፋይናንስ ላይ ስለ በጀት የተማርነው ሁሉ ያንን አያህልም። ይኸው ልጅ የወረዳ ማስታወቂያ ወጥቶ ሲፈተን «አይቤክስ ታውቃለህ?» ሲሉት «አዎ» ያለው እሱ ብቻ ነበር፣ ተቀጠረ። እንግዲህ ዘንድሮ ያ ልጅ አይኖርም።

ሥራውን ካነሳን እንቀጥል። ፍሬሽ ሆነን ዲፓርትመንት ስንመርጥ ኢኮኖሚክስ የትም ያስገባል ተብለን ነበር። እውነትም የሥራ ማስታወቂያ ላይ ስማችን አይጠፋም። «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በባንኪንግና ፋይናንስ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። ከፊት ያለው አካውንቲንግ ነው። የአካውንቲንግ ልጅ ጆርናል ይመዘግባል፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ይነካካል፣ ግብር ያስታውቃል። ቀጣሪው የኢኮኖሚክሱን ልጅ «አንተስ ምን ትሠራልኛለህ?» ሲለው መልሱ ምንድነው? ትንተና እሠራለሁ ነው። በምን? በማርከር?

ካቻምና የተመረቀች አንዲት እህታችን ጂፒኤዋ 3.4 ነበር። አንድ ባንክ የዜሮ ዓመት፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ፣ ማስታወቂያ አወጣ፤ በብዙ ሺህ ሰው መካከል የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። ሁለተኛው ዙር ኮምፒውተር ፊት አስቀመጧትና ሁለት የኤክሴል ፋይል ሰጧት፤ አንዱ የደንበኞች ስም፣ ሌላው የብድር ቀሪ። አገናኚያቸው፣ በቅርንጫፍ ደምሪያቸው፣ አለቀ። ለአንድ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ቀልድ መሆን የነበረበት ሥራ ነው። እሷ በአራት ዓመት ውስጥ ኤክሴል ያየችው ፍሬሽ እያለች ለአንድ ሳምንት ነው። ያለፉት አጠገቧ የነበሩት ናቸው። ዛሬ እናቷ ሱቅ ውስጥ ናት፤ ዩቲዩብ እያየች ራሷን እያስተማረች ነው፣ ጎበዝ ስለሆነች ይሳካላታል። ግን ያንን ለማስተማር መንግሥት ዩቲዩብን በጀት አልመደበለትም።

ሌላው በየገጠሩ ታብሌት ይዞ ይዞራል። መረጃ ሰብሳቢ ነው፣ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር የተሠራ መጠይቅ ይሞላል፤ በቀን ነው የሚከፈለው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። እሱ እንደሚነግረን ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ኢኮኖሚክስ የገባው እዚያ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ለምን እንዳልወሰደ ሲያስረዳው ሰምቷል። ሱፐርቫይዘሮቹ ግን ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ የሚያጸዱትና የሚተነትኑት ናቸው፣ ደሞዙም እዚያ ነው። ከታብሌቱ ወደዚያኛው ወንበር ለመሻገር የሚያስፈልገው ያው የተዘጋው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

መንግሥት ቤት ኢኮኖሚስት በቅድሚያ የሚጠራባቸው ቦታዎች አሉ፦ ፕላንና ልማት፣ ገንዘብ ቢሮ፣ ገቢዎች፣ ንግድ፣ ኢንቨስትመንት። ዜሮ ዓመት የሚሉት ግን ጥቂት ናቸው። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ክትትልና ግምገማ ላይ ይቀጥራሉ፣ እነሱም ኤክሴልና ዳታ ይፈትናሉ። ጥናት ላይ መሥራት የሚፈልግ እንደ ፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ወይም የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ዓይነት ቦታ ቢያስብ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ባንክ የገባው ደግሞ ገንዘብ የሚነካ ሥራ ስለሆነ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል። የገበሬ ልጅ ደሞዝተኛ ዋስ ከየት ያመጣል? ይህ የእርስዎ ጥፋት አለመሆኑን እናውቃለን። ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ በአራት ዓመት ውስጥ ቆሞ የነገረን የኮሌጁ ሰው የለም። ያለፉት ሦስት ዓመት ተመራቂዎች የት እንዳሉ ስንጠይቅ የተጻፈ ነገር የለም ተባልን። ሬጅስትራር ስንት እንደተመረቀ ያውቃል፣ ስንቱ ሥራ እንዳገኘ ግን ማንም አይቆጥርም። ይሄ እንግዲህ የኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት ነው።

ሃንድአውቱን፣ መምህራን የሚሰጡንን የኮርስ ጽሑፍ፣ ሳናነሳ አናልፍም። የመኒተሪ ኢኮኖሚክስ ሃንድአውታችን የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንደሚገዙ ይናገራል፤ ልክ ዛሬም ያለ ይመስል። ያ መመሪያ የወጣው በ2003 ነው፣ የተሻረው ደግሞ በ2012። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሳንገባ! ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ይዞ መጣ። በዚያው ወር በ22 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። አገር ቤት ስንሄድ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀን ይህንን ነው። አጎት ቡናውን እየጠጣ «አንተ ኢኮኖሚክስ ነው አይደል የምትማረው፣ ዶላር ለምን ተወደደ?» ይላል። ሃንድአውቱን አምነን ብንመልስ አጎት ከሬዲዮ የሰማው ይበልጣል።

በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር አክሲዮን ሲሸጥ፣ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ተብሎ፣ የሌላ ዲፓርትመንት ልጆች ዶርማችን ድረስ መጥተው ዋጋው እንዴት እንደተተመነ ጠየቁን። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ቀደም ብሎ በታኅሣሥ ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። ነገ ለአክሲዮን አገናኝ፣ ለኢንቨስትመንት አማካሪ፣ ለባንክ ስጋት ተንታኝ ሰው ይፈለጋል። እነዚህ ከሌላው ይልቅ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚቀርቡ ሥራዎች ናቸው። እኛ ግን ስለ አክሲዮን ገበያ ከተማርነው ውስጥ የአዲስ አበባው አንድም የለበትም፤ ምሳሌው ሁሉ ኒውዮርክ ነው።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር በነፃ እየተማራችሁ ምን አነሳችሁ የሚለን አይጠፋም። በነፃ አይደለም። በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል እንፈርማለን፤ ምግቡም ዶርሙም ትምህርቱም ተሰልቶ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀናል። ተመርቀን የምንወጣው በቴምፖ፣ በጊዜያዊ ዲግሪ፣ ነው፣ ኦሪጅናሉ የሚሰጠን ዕዳውን ስንጨርስ ነው። በዚያ ዕዳ ውስጥ የላቦራቶሪውም የኢንተርንሺፑም ድርሻ አለበት። የተሰረዘውን ከሒሳባችን ላይ ቀንሱልን ብንል የሚቀንስልን የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ላቦራቶሪው በሳምንት ሁለት ከሰዓት ይከፈትልን። አርና ግሬትልን እኛው እንጭናለን፤ ቴክኒሻኑ ቢቆም ይበቃል፣ ለሚጠፋ ዕቃ የክፍል ተወካዮች ፈርመን እንረከባለን። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሉ በሙሉ ለዝግጅት ይሁን፣ አንከራከርም።

ሲኒየር ኤሴይ በግል መሥራት ለሚፈልግ ይፈቀድለት። አማካሪ መምህራን ብዛታችን ይከብዳቸዋል ከተባለ ቢያንስ ሁለት ሁለት እንሁን፣ አምስት ግን ይነሳ። ከስታቲስቲክስ አገልግሎት ዳታ ጋር የሚሠራ ተማሪ መጠይቅ አልበተንክም ተብሎ ነጥብ አይቀነስበት። ይህን የምንለው ባለፈው ሴሚስተር በፕሮፖዛል ላይ እንዲህ ስለተባልን ነው።

ኢንተርንሺፑን በዚህ ሴሚስተር መመለስ ካልተቻለ ከፈተናው በኋላ ባለው ክረምት አንድ ወር ይሁንልን። ገንዘብ አንጠይቅም። የትብብር ደብዳቤውን ብቻ ጻፉልን፣ ቦታውን ራሳችን እናፈላልጋለን።

የመኒተሪ፣ የፋይናንሺያልና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ሃንድአውቶች ከ2016 ወዲህ የተለወጠውን እንዲይዙ ዲፓርትመንቱ ለመምህራኑ ጊዜ ይስጣቸው። መምህራኑ ሰንፈው አይደለም፤ ሦስት ኮርስ፣ ቲቶሪያል፣ የኤክስቴንሽን ክፍል ደርቦ የሚያስተምር ሰው ሃንድአውት መቼ ያድሳል?

ያለፉት ሦስት ዓመት ተመራቂዎች የት እንደሚሠሩ ተጠይቆ፣ ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ይለጠፍ። በባንክ ስንት፣ በመንግሥት ስንት፣ በግል ስንት፣ ሥራ ያላገኘ ስንት። ስልካቸውን ከቴሌግራም ግሩፖቻቸው ሰብስበን፣ ጥያቄውንም አዘጋጅተን፣ መልሱንም ራሳችን አስገብተን እናመጣለን። ለነገሩ ይህ ራሱ ጥሩ የሲኒየር ኤሴይ ርዕስ ነው፤ ለአምስት ሰው የሚሆን ሥራ ካለም ይህ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ፣ ቀን ያለበት መልስ እንጠብቃለን። እምቢ ከሆነም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠን። የመውጫ ፈተናው ሳይደርስ ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ለመነጋገር ዝግጁ ነን፤ ቀኑንና ሰዓቱን እርስዎ ይወስኑ፣ ቦታው ግን ቢቻል ላቦራቶሪው ውስጥ ይሁንልን።

ከሠላምታ ጋር

የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽ/ቤት
ለኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል
ለተማሪዎች ኅብረት
ለላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ
በያሉበት